በከረጢት ላይ የበቀለ ማጣሪያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ብዙም አይርቅም። ፍኖተ ሰላም ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በባዮሎጂ ክፍል መስኮት አጠገብ 120 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ አለ። ስድስት የቆሮሶ ጫጩቶች ከባሕር ዳር በጀሪካን ሆነው በዳንግላና በቡሬ በኩል አብረውኝ መጡ። ቡሬ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም፣ ዓሣዎቹ አየር እንዲያገኙ ብዬ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ መልሼ ስገለብጥ ያዩኝ ልጆች «ጋሼ፣ ውሃው ምን አደረገዎት?» ብለው ስቀውብኛል።

ዓሣ በልቶ ይጥላል። ከስንጥቡ የሚወጣው አሞኒያ በባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ፎስፌትም ይጠራቀማል። በወንዝ ቢሆን ጅረቱ ይወስደው ነበር፤ ገንዳ ግን መውጫ የለውም። ስለሆነም በጥቂት ሳምንት ውስጥ በመማሪያ መጻሕፍታችን ዋቅላሚ የምንለው አልጌ መስተዋቱን አለበሰውና ዓሣዎቹ ከዓይን ተሰወሩ። ተማሪዎቼም በየቅዳሜው መፋቅ ሰለቻቸው።

መድኃኒቱ ራሱ በሽታው ሆኖ ተገኘ። የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ዋልተር ኤዲ በኮራል ዓለቶች ላይ የሚበቅለው አጭር የዋቅላሚ ምንጣፍ ዓሣ ያለማቋረጥ እየጋጠው እንዴት ፈጥኖ እንደሚያድግ ካጠኑ በኋላ፣ ይህንኑ ምንጣፍ ከገንዳው ውጭ በወንፊት ላይ አብቅለው ውሃውን እንዲያጠራ አደረጉ። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለሕዝብ የታየው የኮራል ገንዳ በዚህ ዘዴ የሚጠራ ነበር፤ በ1982ም የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። አሳቡ ቀላል ነው። ዋቅላሚው ብርሃን፣ የሚጨብጠው ሻካራ ነገርና በላዩ የሚሮጥ ስስ ውሃ በአንድ ቦታ ከተመቻቸለት ገንዳውን ትቶ እዚያ ይሰፍራል።

ወንፊቱን ከምን እንሥራው ስንል አንዱ ተማሪ የማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። በእኛ አነጋገር ከረጢቱም፣ በውስጡ የሚታሸገውም ማዳበሪያ ይባላል፤ የዚህን ነገር ፍቺ በኋላ ተማርነው። ይህን ሥራ የለመዱ ሰዎች የሚመሩበት ግምት አለ፤ ይኸውም ከሁለት ወገን ለሚበራ ወንፊት ለአንድ ሊትር ውሃ 1.7 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። የእኛ ወንፊት ብርሃን የሚያገኘው ከመስኮቱ በኩል ብቻ ስለሆነ እጥፍ አድርገን 20 በ20 ሴንቲሜትር ቈረጥን። ፊቱን በመጋዝ ጥርስ ፍቀን አሻከርነው። የፕላስቲክ ቧንቧ ሆዱን በርዝመቱ ሰንጥቀን የከረጢቱን ጠርዝ አስገባንበት፤ ከገንዳው በላይም በናይሎን ገመድ ሰቀልነው። ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ወርድ በሰዓት 50 ሊትር ያህል መውረድ ስላለበት፣ በሰዓት 1,000 ሊትር የሚገፋ አነስተኛ ፓምፕ አስፈለገን። ከዚያም ገንዳውን በካርቶን ከፀሐይ ጋርደን ወንፊቱን ብቻ ለፀሐይ ሰጠነው።

መጀመሪያ ቡናማ ዝልግልግ ለበሰ፤ ወዲያውም አረንጓዴ ፀጉር አወጣ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው። እኔም ነገሩን በከፍታው አሳበብሁ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከ7 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም፤ በባሕር ጠረፍ 9 ይሆናል። ውሃውን እያማታሁ አመሸሁ። በማግሥቱ አራቱ ሞተው ተገኙ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከረጢቱን በደንብ ሳላጥብና ስፌቱን ሳልፈታ አስገብቼው ነበር፤ በስፌቱ ውስጥ የዩሪያ ፍሬዎች ቀርተዋል። ዩሪያ ከመቶ 46 እጅ ናይትሮጅን ነው፤ አምስት ግራም ብቻ በ120 ሊትር ውስጥ ቢሟሟ በሊትር 19 ሚሊግራም ያህል ናይትሮጅን ይሆናል። ባክቴሪያዎችም ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ከሁሉ የከፋው ያ የተደሰትንበት ልምላሜ ነው። ዋቅላሚው በፀሐይ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲስብ የውሃው ፒኤች ይወጣል፤ የእኛም በመለኪያው ወረቀት 9 ደርሶ ነበር። ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማው አሞኒያ ከጠቅላላው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ 9 ሲሆን ግን ከሩብ ይበልጣል። ዓሣዎቹን የገደልኋቸው በአንድ እጄ መርዙን፣ በሌላው የመርዙን ማባያ ሰጥቼ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳልደብቅ ነገርኋቸው፤ ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ በደንብ የያዙት ይኸንን ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ከረጢት ስፌቱን ቈርጠን ጥለን፣ ሦስት ቀን በሚለወጥ ውሃ ዘፍዝፈን ሠራነው፤ እርሱ እስካሁን ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ከገንዳው የተቀዳ ውሃ ያለበት ባለቧንቧ ጀሪካን ከላይ እናስቀምጥለታለን። በሰዓት 20 ሊትር የሚያንጠባጥብ ውሃ ምንጣፉን ከመድረቅ ያድናል እንጂ አያጣራም። በሌሊት ዋቅላሚውም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ስለሚፈጅ፣ መብራት ካለ ፓምፑን አናቆምም፤ የሚወርደው ውሃ አየር ይዞ ይገባልና። በክረምት ደመና ሲከብድ እድገቱ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ የዓሣውን ቀለብ እንቀንሳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዋቅላሚው ብቻውን ምንም አያጠራም። ቆሻሻውን ከውሃ ወደ ገላው ያዛውራል እንጂ አያጠፋውም። በየሳምንቱ ወንፊቱን አውጥተን ካልፋቅነው፣ ከሥር ያለው ክፍል ብርሃን አጥቶ ይበሰብሳል፤ የወሰደውንም ሁሉ ወደ ገንዳው ይመልሳል። የተፋቀውን አድርቀን የበርበሬ መደብ ላይ እንበትነዋለን።

ይህን በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ማሳዎች ልክ አስፍታችሁ ተመልከቱት። ገበሬው ለበቆሎው በኩንታል የሚገዛውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ዝናቡ በከፊል ጠርጎ ይወስድበታል። የብርና የፈጣም ወንዞች በቀጥታ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ግን ጣና ይገባል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው እንቦጭ የሚመገበው ይህንኑ ነው። ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ የነቀለው እንቦጭ በዳር ተከምሮ ከበሰበሰ፣ የያዘው ምግብ በዝናብ ተጠርጎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ካልተፋቀው ወንፊታችን ምን ይለያል? ከነቀላው ቀጥሎ ያለው ጭነት፣ ማለትም ከውሃው ርቆ ወደ ማሳ የሚሄድበት መንገድ፣ የእኛን ሙያ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ከዚያው ከሁለተኛው ከረጢት የቈረጥሁት ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ማየት የሚፈልግ ይግለጠው፤ ሳሙና በነካው እጅ ብቻ አይንካው፣ ነገ ወደ ገንዳው ይመለሳልና።