ከምላጭ በኋላ የሚወጣው ሽፍታ
(ጊዮርጊስ አካባቢ በተካሄደው የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቁጠባ ሂሳቡን ሪፖርት ሰምታችኋል። በተረፈችኝ ጥቂት ደቂቃ ሌላ ጉዳይ ላንሳ። ትንሽ ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ሁላችንም ሴቶች ነን። ብብታችንን፣ እግራችንን፣ አገጫችንን ወይም ታችኛውን አካላችንን ከተላጨን በኋላ ስለሚወጣው ሽፍታና ስለሚቀረው ጥቁረት ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ከጤና ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

የብዙዎቻችን ፀጉር ከርዳዳ ነው። በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግ ደግሞ ይጠማዘዝና ተመልሶ ቆዳችንን ይወጋል። ሰውነት እንደ እሾህ ስለሚቆጥረው ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። በዋክስ ወይም በወረንጦ የተነቀለውም ከቆዳ በታች ተሰብሮ ከቀረ እንዲሁ ነው። የንጽሕና ጉድለት አይደለም። በሳሙና አጥብቆ መፈተግ ያባብሰዋል እንጂ አያድንም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሽፍታው ሳይሆን የምንቀባው ነገር ነው። ጎረቤት «ይህን ሞክሪው» ብላ የምትሰጠን ቱቦ ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ነው። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፤ ክሎቤታሶል ደግሞ ከሚቀቡት ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ እንወደዋለን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ የተቀባበት ቦታ ላይም ፀጉር ሊያበዛ ይችላል። ፀጉር ለማጥፋት ተነስተን በገንዘባችን ፀጉር ገዛን ማለት ነው! ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀብቶ ሲቆም ደግሞ መቅላቱ ብሶ ይመለሳል፤ እኛም ሌላ ቱቦ እንገዛለን። እንዲህ ያለ ወጪ በየትኛውም መዝገብ አይዘጋም።

መድኃኒቱ በአብዛኛው ትዕግሥት ነው። ለጥቂት ሳምንታት አለመላጨት፣ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማድረግ፤ አብዛኛው ፀጉር በራሱ ይወጣል። በመርፌ መቆፈር ጠባሳ ያተርፋል። ጥቁረቱም ካልነካካነው በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል። ሠርግ ወይም በዓል ደርሶ የግድ ከሆነ ቦታውን በሞቀ ውኃና በሳሙና አለስልሱ፤ ቆዳውን ሳትወጥሩ፣ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ፣ በአዲስ ምላጭ ላጩ። ከቆዳው ጋር እኩል ካልሆነ የምትሉ ካላችሁ፣ ትንሽ ማስቀረቱ ይሻላል፤ ማንም በማጉያ መነጽር አያየንም።

ፀጉር ቤት ያላችሁ እህቶች፣ አንድ ምላጭ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ይሁን። ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በምላጭ ይተላለፋሉ። ዋጋውን በአገልግሎቱ ላይ ጨምሩት እንጂ በምላጭ አትቆጥቡ። ቆዳ የነካውንም የዋክስ እንጨት መልሳችሁ ዕቃው ውስጥ አትንከሩት።

እብጠቱ ከሰፋ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ስኳር ሕመም ካለባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አገጯ ላይ ፀጉር የበዛባትና የወር አበባዋ የተዛባባት እህትም ይህን ለሐኪም ትንገር፤ ምክንያቱ ሆርሞን ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ከበድ ካለ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉት። ፊቷን ለወራት ስቴሮይድ ስትቀባ የቆየች ካለች በራሷ በድንገት አታቁመው። ቱቦውን ይዛ ትሂድ፤ ሐኪሙ ስሙን ማንበብ አለበት።