ሳንባ ላይ የተገኘ ካንሰር ሁሉ የሳንባ ካንሰር አይደለም
(በቁይ በወርሃዊ ስብሰባችን ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)

የብድሩን ወሬ አቆይታችሁ ስለ ጤና እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ዞሮ ዞሮ ከገንዘቡ መድረሱ አይቀርም።

“ሳንባዋ ላይ ካንሰር ተገኘ” ሲባል “የሳንባ ካንሰር ያዛት” ብለን እናወራለን። ሁለቱ ይለያያሉ። ካንሰር ከሳንባው ከራሱ ሊነሣ ይችላል፤ ከሌላ አካል ተነሥቶ በደም ተጉዞም ሳንባ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የጤፍ ዘር ጎርፍ ወስዶ ስንዴ ማሳ ውስጥ ቢጥለው የሚበቅለው ጤፍ ነው። ከጡት ተነሥቶ ሳንባ የደረሰውም የጡት ካንሰር ነው፤ መድኃኒቱም የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው።

በአገራችን ሴቶችን ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው የጡት ካንሰር ነው፤ የማሕፀን በር ካንሰር ይከተለዋል። ሁለቱም ሳንባ ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ለሳል የመጣችን ሴት ጡቷን ልመርምር ቢላት አይድነቃት።

“ሲጋራ ስለማናጨስ ከሳንባ አይነሣብንም” የምትሉም አላችሁ። የማገዶና የኩበት ጭስም ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል፤ ጭስ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖርን እናውቀዋለን።

ራጅ የሚያሳየው ጥላ ነው። በሁለቱም ሳንባ የተበታተኑ ክብ ክብ ዕጢዎች ከሌላ ቦታ መምጣትን ያስጠረጥራሉ፤ አንድ ዕጢ ብቻ ሲሆን ሳንባው ራሱ ይጠረጠራል። ቲቢም ሊመስል ስለሚችል አክታ ይመረመራል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። አንዳንዴ ሕዋሱ ከየት እንደመጣ ለመለየት ልዩ ማቅለሚያ ይጨመርበታል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ከዓመታት በፊት ጡቷን የተቀደደች ሴት ደብረ ማርቆስ ለሳል ሄዳ “ያስ ድኗል” ብላ ዝም ትላለች። የጡት ካንሰር ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። የድሮው የፓቶሎጂ ውጤት ከተያዘ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ያስተያያል፤ ካልተያዘ ከዜሮ መጀመር ነው።

በሬ ተሸጦ ጥቁር አንበሳ ከመኬዱ በፊት “ናሙና ተወስዷል ወይ? ከየት የተነሣ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ያልታወቀ ከሆነ የሚቀድመው ወጪ የናሙናው ነው። ከድንገተኛ ብድራችን ላይ ለዚህ የተለየ ድርሻ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ደጋፊዎቻችንም ለምርመራውና ለመጓጓዣው ቢያግዙን ደስ ይለናል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኦፕሬሽን የሆናችሁ ሁሉ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። ላስቲክ ከረጢት እኔ አመጣለሁ።