ልብ ሲታመም የነርስ ሥራ
(ባሕር ዳር ላይ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተነገረ)



ባለፈው ክረምት አጎቴ ከዘጌ በጀልባ መጥተው እቤታችን አደሩ። እኩለ ሌሊት ላይ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፤ አላባቸው፤ ግራ ክንዳቸውም ደነዘዘ። «ጨጓራዬ ነው» አሉ። እኔም የነርስነት ተማሪ ሆኜ ሳለሁ አምኜ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኋቸውና «ሲነጋ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኋቸው። ለእርሳቸው ግን አልነጋላቸውም። ዛሬ የምናገረው በዚያች ሌሊት ማወቅና ማድረግ የነበረብኝን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልብ ለመላው ሰውነት ደም ሲረጭ ለራሱ የሚመገበው በላዩ ከሚዞሩት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ነው። በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር በሽታና በትምባሆ ምክንያት በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ስብ ይጋገራል። ይህ ሲሰነጠቅ በላዩ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ደም ያጣው የልብ ሥጋ ደቂቃ በደቂቃ ይሞታል። ባገራችን ለብዙ ዘመን የልብ ሕመም ሲባል ይታሰብ የነበረው ከጉሮሮ ቁስለት የሚነሣው፥ ወጣቶችን የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ደረቱን ሲያመው «ጨጓራ ነው፤ ብርድ ነው» ማለት ይቀናናል።

የተዘጋውን ደም ቅዳ የመክፈት ጥበብ የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። በ1929 በጀርመን አገር ወጣቱ ሐኪም ቬርነር ፎርስማን ቀጭን ቱቦ በክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰ። አለቃው ከልክሎት ስለ ነበር መሣሪያውን ያገኘው በነርስ ጌርዳ ዲትሰን እጅ ነው፤ እርስዋም ሙከራው በእኔ ላይ ይደረግ ብላ ነበር። ፎርስማን በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በ1977 ደግሞ አንድሬያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ ከተማ በቱቦ ጫፍ ትንሽ ፊኛ አድርጎ የጠበበ የልብ ደም ቅዳ ከፈተ። ኋላም መንገዱ ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት የሚባለው የሽቦ መረብ ተጨመረበት።

ነገር ግን ብዙ ሕሙማን የሚሞቱት ከዚህ ሁሉ በፊት፥ ልባቸው ምቱን ስቶ ሲንቀጠቀጥ ነው። በ1961 እንግሊዛዊው ሐኪም ዴዝሞንድ ጁሊያን እነዚህ ሕሙማን ባንድ ክፍል ተሰብስበው ቀንና ሌሊት ይጠበቁ ሲል አሳሰበ። ጥቂት ቈይቶም በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ሐኪሙ ሎውረንስ ሜልትዘርና ነርስዋ ሮዝ ፒኔዎ ነርሶችን አሠልጥነው፥ ሐኪም እስኪመጣ ሳይጠብቁ በኤሌክትሪክ ንዝረት ልብን ወደ ምቱ እንዲመልሱ ፈቀዱላቸው። ሌሊት በሕመምተኛው አጠገብ ያለችው ነርስ ናትና ነገሩ ትክክል ነበር።

እንግዲህ የነርስዋ ሥራ ምንድን ነው? ደረቱን ያመመው ሰው ሲመጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልቡን ምት በኢሲጂ ማንሣት፤ አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማ ካልሆነ በትእዛዙ መሠረት አስፕሪን አስኝካ ማስዋጥ፤ ማሳረፍ፤ የደም ግፊቱንና ምቱን ሳያቋርጡ መከታተል ነው። ደም ቅዳው በቱቦ ከተከፈተለት በኋላም ቱቦው የገባበትን የእጅ አንጓ ወይም ብሽሽት እንዳይደማ ታያለች፤ ከዚያ በታች ያለው እጅ ወይም እግር እንዳይቀዘቅዝ ትዳስሳለች፤ ለፎቶግራፉ የሚሰጠው ቀለም ኵላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሽንቱን ትከታተላለች፤ ደረቱን እንደገና ባመመው ጊዜ ወዲያው ሐኪም ትጠራለች።

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፥ ደም ቅዳው በ120 ደቂቃ ውስጥ በፊኛ የማይከፈት ከሆነ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደግሞ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌላው መንገድ ግን አለ። በ1988 የታተመው፥ ከ17 ሺህ በሚበልጡ ሕሙማን ላይ የተደረገው ታላቅ ጥናት እንዳሳየው፥ አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ፥ የረጋ ደም ከሚያሟሟው ከስትሬፕቶኪናዝ ጋር ሲሰጥ ደግሞ በ42 በመቶ ቀንሷል። የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅመው ግን ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሰጥም ይበልጥ ይረዳል። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ የሚመጣ ሰው ይህን ሰዓት የሚጨርሰው እቤቱ «ይሻለኛል» ሲል፥ ቀጥሎም ጀልባ ሲጠብቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስቴንት የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን ክኒኖች ያለ ሐኪም ፈቃድ ቢያቋርጥ መረቡ ሊዘጋ ይችላል። በጣና ዳር ሕዝባችን ጠበል ሲገባ ወይም ሲጾም መድኃኒት የሚያቋርጥ ብዙ ነው። ነርስዋ ይህን ስትሰማ ሰውየውን ማሳፈር የለባትም፤ ጠበሉንም ክኒኑንም አንድነት እንዲይዝ በእርጋታ፥ ቢቻል የንስሐ አባቱ ባሉበት ልታስረዳው ይገባል።

ስለዚህ ማኅበራችንን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፥ በዕረፍት ጊዜ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚወጡ ተማሪዎች የዚህን ሕመም ምልክት ለጀልባ ነጂዎችና ለእድር ዳኞች ያስተምሩ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዳችን ልብ በቆመ ጊዜ ደረትን በመጫን መርዳትን እንማር፤ ይህ ከሁለት እጅ በቀር ምንም መሣሪያ አይፈልግም።

አጎቴን አልመልሳቸውም። ከእናንተ መካከል ግን በዚህ ሳምንት አባቱ ወይም እናቱ ደረታቸውን ቢይዛቸው፥ «ሲነጋ» ሳይል በሌሊት የሚነሣ አንድ ሰው ቢገኝ ንግግሬ በከንቱ አልቀረም።