ፊደልን በዳቦ የገዛው ልጅ፤ ሌሎችም እውነተኛ ታሪኮች

(በሬዲዮ ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

 

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ጀምሮ ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ ወላጆቻቸውን አስተምራለሁ። ማታ ከክፍል ስንወጣ አዘውትሮ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «እኛ እንግዲህ ዕድሜያችን ሄዷል። አሁን ፊደል ቆጥረን ምን ልንሆን ነው?» ይሉኛል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ሲፈጭ፣ ውኃ ሲቀዳ የዋለ ሰው ማታ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ ለምን እንደሚደክም ማወቅ አለበት። ስለዚህ ዛሬ በምክር ፋንታ ታሪክ እነግራችኋለሁ። ተረት አይደለም፤ የሆነ፣ የተደረገ ነው። አንዱ ታሪክ ከሩቅ አገር ከአሜሪካ ነው። ሁለቱ ከዚሁ ከደጃችን ናቸው። የመጨረሻው ደግሞ የእናንተው ነው።

1ኛ. ፊደልን በዳቦ የገዛው ልጅ

ከ200 ዓመት በፊት በአሜሪካ አገር ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። ከአፍሪካ በግድ ተጭነው የተወሰዱ ሰዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ የጌታ ንብረት ነበሩ። ሜሪላንድ በሚባለው አገር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1818 ገደማ፣ ፍሬድሪክ የሚባል ልጅ ከባሪያ እናት ተወለደ። የተወለደበትን ቀን አያውቀውም። የባሪያ ልደት ማን ይጽፈዋል?

8 ዓመት ገደማ ሲሆነው ባልቲሞር ወደምትባል ከተማ ተላከ። የቤቱ እመቤት ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባልዋ ይህን ሲያውቅ ተቆጣ። ባሪያ ማንበብ ከቻለ አይታዘዝም፣ ለባርነትም አይመችም ብሎ ከለከላት። ልጁም ይህን ሰማ። ታዲያ ምን ብሎ አሰበ መሰላችሁ? ጌታዬ ይህን ያህል የሚፈራው ነገር ለእኔ የሚጠቅመኝ ነገር መሆን አለበት አለ።

ከዚያ በኋላ አስተማሪ አልነበረውም። ግን መላ ፈጠረ። በሚኖርበት ቤት ዳቦ አይጠፋም። በሰፈሩ ደግሞ ማንበብ የሚያውቁ፣ ነገር ግን የሚርባቸው የነጭ ድኾች ልጆች ነበሩ። ፍሬድሪክ ሲላክ መጽሐፍና ዳቦ ይዞ ይወጣል። ለልጆቹ ዳቦ ይሰጣል። እነሱም ፊደል ያሳዩታል። እንዲህ እያለ ማንበብን ገዛ።

ጽሕፈትንስ እንዴት ተማረ? መርከብ በሚሠራበት ቦታ አናጢዎች በእንጨቱ ላይ ምልክት የሚያደርጉባቸውን ፊደሎች እያየ ተማረ። ደብተሩ አጥርና ግድግዳ፣ ብዕሩ ጠመኔ ነበር።

በ1838 ከባርነት አመለጠ። በ1845 የራሱን ታሪክ በራሱ እጅ ጽፎ አሳተመ። ሙሉ ስሙ ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በየከተማው እየዞረ ስለ ባርነት ክፋት ተናገረ። ፕሬዚዳንቱን አብርሃም ሊንከንን ፊት ለፊት አግኝቶ ስለ ጥቁር ወታደሮች በደል አስረዳቸው። እሱና ብዙ ሰዎች ከታገሉ፣ ብዙ ደምም ከፈሰሰ በኋላ በ1865 ባርነት በአገሪቱ ሁሉ በሕግ ቀረ።

አያችሁ፣ እሱ ለአንድ ፊደል አንድ ቁራሽ ዳቦ ይከፍል ነበር። እኛን ዛሬ ማንም ጌታ አይከለክለንም። የሚከለክለን ድካምና እፍረት ነው።

2ኛ. በጋይንት ያለፈው መንገድ

ሁለተኛው ታሪክ በራሳችሁ መሬት ላይ ያለፈ ነው። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ቦታ የፈረንጅ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከመድፎቹ ትልቁ ሴባስቶፖል ይባላል። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። 7 ቶን ማለት 70 ኩንታል ነው። በአንድ አህያ ጀርባ ላይ ስንት እንደሚጫን የምታውቁ አስቡት!

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ንጉሡ ይህን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱን እየሠሩ መሄድ ነበረባቸው። በጋይንት አልፈው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ ወደ ዋድላ ተሻገሩ። ከዚያም በዋድላና በደላንታ መካከል ያለውን ትልቁን ገደል ወርደው ወጡ። ቀጥሎም በሽሎን ተሻገሩ። መድፉን በመንኰራኩር ላይ አድርገው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ ይጎትቱታል። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዙታል።

የጨጨሆን ዳገት ታውቁታላችሁ። ዛሬ መኪና እንኳን እያቃሰተ ነው የሚወጣው። በዚያን ጊዜ ዓለቱ በባሩድና በእጅ ተፈለጠ። ንጉሡም በድንኳን ተቀምጠው አላዘዙም። በማለዳ ተነሥተው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሣ ያየ ወታደር እንዴት ይቀመጣል? ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። በመጋቢት ወር መድፉ መቅደላ ደረሰ።

እውነት እንናገር ከተባለ፣ ያ ዘመን ለበጌምድር ገበሬ የመከራ ዘመን ነበር። ሠራዊቱ እህሉን በላበት፣ ቤቱን አቃጠለበት። ጎንደርም ሳትቀር ተቃጥላለች። ታሪክ ስናነብ ጥሩውንም ክፉውንም ነው የምናነበው። ንጉሡም ብዙ አልቆዩም። የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። መድፉ ግን እዚያው አምባ ላይ ቀርቷል።

አሁን ልብ በሉልኝ። አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከመድፍ ሌላ መጻሕፍትም ሰብስበው ነበር። በብራና የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ነበሩ። እንግሊዞች ሲመለሱ መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወሰዱ። 350 የሚሆኑት እስከ ዛሬ በለንደን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሴባስቶፖልን ጥለው መጻሕፍቱን ጫኑ። ለምን? ዋጋቸውን ስላወቁ ነው።

ከመንገዱም የምንማረው አለ። አማርኛ 33 ፊደላት አሉት። እያንዳንዱ ሰባት ሰባት መልክ አለው። 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ይሆናል። 231 ሲሉት ከጨጨሆ ዳገት ይበልጣል። በቀን 3 ፊደል ብቻ ብትይዙ ግን በ77 ቀን ዳገቱን ጨረሳችሁት ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለም?

3ኛ. ከእስቴ የወጡ ሰው

ከንፋስ መውጫ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ሳይደርስ ከመንገዱ ገባ ብላ አንዲት መንደር አለች። አውራ አምባ ትባላለች። መንደሯን የመሠረቱት ሰው ዙምራ ኑሩ ይባላሉ። የተወለዱት እስቴ ነው።

ዙምራ ልጅ ሳሉ ያዩት ነገር እያንዳንዳችን በየቤታችን የምናየው ነው። እናትና አባት አብረው እርሻ ይውላሉ። ማታ ቤት ሲገቡ አባት ያርፋሉ። እናት ግን ገና ሥራ መጀመራቸው ነው። ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ የባልን እግር ያጥባሉ። ዘገየሽ ተብለውም ይሰደባሉ። ልጁ «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አላገኘም። ይልቁንም ይህ ልጅ አእምሮው ተነክቷል ተባለ።

ዙምራ ትምህርት ቤት አልገቡም። በ13 ዓመታቸው ገደማ ከቤት ወጥተው እንደ እሳቸው የሚያስብ ሰው ፍለጋ ብዙ አገር ዞሩ። በኋላ በፎገራ አካባቢ ሐሳባቸውን የተቀበሉ ጥቂት ገበሬዎች አገኙ። በ1964 ዓ.ም. አብረው መኖር ጀመሩ።

ቀላል አልነበረም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ጠላት በዝቶባቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸው አብዛኛው በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቃቸው። የቀረላቸው መሬት ጥቂት ነበር። እርሻው ባይበቃቸው ወደ ሽመና ዞሩ። ወንዱም ሴቱም ሸማ ይሠራ ጀመር። ቀጥሎ ወፍጮ ተከሉ።

በአውራ አምባ የወንድ ሥራ፣ የሴት ሥራ ብሎ ነገር የለም። ሴቷ ታርሳለች። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት አላቸው። ትምህርት ቤት ያልገቡት ሰው መንደር ለሕፃናት መማሪያና ቤተ መጻሕፍት ሠራ። በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዙምራ ኑሩ የክብር ዶክተርነት ሰጣቸው።

እኔ ሁላችሁም እንደ አውራ አምባ ሰዎች ኑሩ አልላችሁም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ማታ ወደ ትምህርት ስትመጡ የቤቱን ሥራ ማን ይይዛል? አባወራው ብቻ ተምሮ እናት ጭስ ውስጥ ከቀረች ቤቱ ግማሽ ዓይን ነው ያለው። አባቶች ሆይ፣ በሳምንት ሁለት ማታ ልጆቹን ብትይዙ፣ እሳቱንም ብታነዱ ምን ይጎድልባችኋል?

4ኛ. የእናንተው ታሪክ

አገራችን የትምህርት አገር ናት። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ቁራሽ እየለመነ ከሩቅ አገር መጥቶ ተምሮባቸዋል። ነገር ግን ቁራሹን የሰጠችው እናት ራሷ ማንበብ አታውቅም ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ከመቶ ኢትዮጵያዊ ከ90 በላዩ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። «የተማረ ያስተምር፤ ያልተማረ ይማር» ተባለ። ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሰው በዛፍ ሥር፣ በዳስ፣ በፋኖስ ብርሃን ተማረ። አያት ከልጅ ልጁ ጋር በአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀመጠ። በፈረንጆች 1980 ዘመቻው ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ።

ታዲያ ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ በኋላ ፊደሉን ረሱት። የምስክር ወረቀቱ በሣጥን ውስጥ አለ፤ ንባቡ ግን ጠፋ። ለምን? ስላልሠሩበት ነው። ማረሻ ከርሞ ካልታረሰበት ይዝጋል። ፊደልም እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ በምን ትሠሩበታላችሁ? ቁም ነገር ሩቅ አይደለም። ጤና ጣቢያ የተሰጣችሁ መድኃኒት ላይ «በቀን 2 ጊዜ» ይላል። አንብባችሁ ለልጃችሁ በትክክል ስጡ። ገበያ ድንች ስታወርዱ ሚዛኑን እዩ። 35 ኪሎ ከሆነ፣ ኪሎውም 20 ብር ከሆነ፣ ሒሳቡ 700 ብር ነው። 650 ቢሏችሁ 50 ብራችሁ የት ሄደ? የብድር ወረቀት ሲመጣ ሳታነቡ ጣታችሁን ቀለም አትንከሩ። «ቆይ፣ ላንብበው» በሉ። ስማችሁን ጻፉ። 

አንዲት የማታ ተማሪዬ፣ የስድስት ልጆች እናት ናቸው፣ ከሩቅ ካለ ልጃቸው የመጣውን ደብዳቤ ሁልጊዜ ጎረቤት ነበር የሚያነብላቸው። ባለፈው ራሳቸው አነበቡት። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። «እስከ ዛሬ የልጄ ምስጢር መጀመሪያ የሚሰማው ሌላ ሰው ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ» አሉኝ። ፊደል ቆጥረን ምን ልንሆን ነው ለሚለው ጥያቄ እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ሦስት ነገር ነው። በየቀኑ ጥቂት መስመር አንብቡ። በየሳምንቱ አንድ ነገር ጻፉ፤ የሸጣችሁትንና የገዛችሁትንም ቢሆን። ያወቃችሁትን ለአንድ ጎረቤት አሳዩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የፍሬድሪክ ጌታ ማንበብን ለምን ፈራ?
2. የአጼ ቴዎድሮስ ወታደሮች ድንጋዩን እንዲያነሡ ያደረጋቸው ምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ውስጥ የማይማር ማን አለ? እንዲማር ምን ሥራ ሊቀልለት ይገባል?
4. 42 ኪሎ ድንች፣ ኪሎው በ20 ብር ቢሸጥ ስንት ብር ይሆናል?