ትኬቱ ለጆሮ ነው፤ ጉሮሮው ግን የባለቤቱ ነው!

(በቅጂ መብት ላይ በተደረገ ውይይት የቀረበ ንግግር)



እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችን ኮንሰርት ገብቶ ሞባይሉን ወደ መድረኩ ያልደገነ ማነው? እጅ አታውጡ፤ እኔም ደግኛለሁ። ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማታ የተቀዳው ዘፈን ጠዋት ቴሌግራም ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ይሸጣል። ዘፋኙ እኮ ገና ከእንቅልፉ አልተነሣም!

በካሴት ዘመንም ቴፕ ደብቆ የሚገባ፣ ካሴት ከካሴት የሚገለብጥ ሞልቶ ነበር። ያኔ ሕጉም አይረዳም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲው መብት ሲሰጥ፣ መድረክ ላይ ላቡን ለሚያንጠፈጥፈው ተጫዋች የራሱን መብት አልቆረጠለትም። ይህ የተለወጠው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው።

አዋጁ ምን ይላል? ያልተቀዳን ጨዋታ መቅዳት፣ የተቀዳውን ማባዛትና ማሰራጨት የተጫዋቹ ፈቃድ ያስፈልገዋል ይላል። ጥበቃው 50 ዓመት ነው። በዚያ ላይ የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች መብት አለ። ስለዚህ የመድረክ ዘፈን ቀድቶ የሚቸበችብ ሰው ከአንድ ኪስ ሳይሆን ከሦስት ኪስ ይሰርቃል!

«ታዲያ ለትዝታ ብቀዳስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሕጉ እዚህ ላይ ጨካኝ አይደለም። ለግል መገልገያው ብቻ የሚይዝን ግለሰብ አይነካውም። ጋዜጠኛም ለዜና ያህል አጭር ቁራጭ ሊጠቀም ይችላል። ነገር ግን በቻናል ለሺህ ሰው የለቀቀ «ለግሌ ነው» ሊል አይችልም። «ሳንቲም አልተቀበልኩም» ማለትም አያድነውም።

የሰው አገር ልምድ ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ «ግሬትፉል ዴድ» የሚባል ባንድ ነበር። ተመልካቹ እንዲቀዳ ፈቅዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ለቀጂዎች የተለየ ቦታ እስከ መስጠት ደረሰ። ካሴት መለዋወጥ ይቻላል፤ መሸጥ ግን ክልክል! ያለ ፈቃድ ኮንሰርት ቀድቶ በሚነግደው ላይ ደግሞ ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕግ አወጣ። አያችሁ? ያው ካሴት በባለቤቱ ፈቃድ ስጦታ ይሆናል፤ ያለ ፈቃዱ ግን ሌብነት ነው።

አሁን ወደ መራራው እውነት ልግባ። አዋጅ 410 ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል ብሎ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። ወረቀትስ ሞልቶናል! ግን ፍላሽ የሚሞላው የሚሠራው በጨለማ ነው እንዴ? በአደባባይ እኮ ነው! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። አንዳንዴ ለይስሙላ አንድ የሱቅ ልጅ ይያዛል፤ ከጀርባው ያለው ነጋዴ ግን ማን ነክቶት! ይህ ሕግ ማስከበር አይባልም።

ባለሥልጣኖቻችን ያወጡትን ሕግ ያስከብሩ፤ ከላይ ይጀምሩ። ሙዚቀኞቻችንም መቅዳት ይፈቀድ እንደሆነ በትኬቱ ላይ በግልጽ ይጻፉልን። እኛ ተመልካቾች ደግሞ ትዝታችንን ቤታችን እናስቀምጥ፤ ገበያ አናውጣው። ካሴት ከጠፋ ወዲህ ለብዙው ሙዚቀኛ መድረክ እንጀራው ነው። እያጨበጨብንለት እንጀራውን አንንጠቀው!