ያለ ገንዘብ ማኅበርን ማስተዋወቅ
(ለኢትዮጵያውያን ስደተኛ ማኅበራት ተወካዮች በሐርጌሳ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ለበጎ አድራጎት ማኅበራት በነፃ ወይም በቅናሽ ስለሚሰጡ የማስታወቂያ መሣሪያዎች ነው። መሣሪያ ስል በስልክና በኮምፒዩተር የምንሠራባቸውን ፕሮግራሞች ማለቴ ነው። የትኞቹ በእርግጥ ለእኛ ይጠቅማሉ? የትኞቹስ ከበር ይመልሱናል? ስንሠራባቸውስ የራሳችንን ሰዎች እንዳንጎዳ ምን መጠንቀቅ አለብን? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ አተኩራለሁ።

«ማስታወቂያ የነጋዴ ነው፤ እኛ የምንሸጠው ዕቃ የለንም» የሚል አስተያየት ይሰማል። ነገር ግን የልብስ ስፌት ሥልጠና ለ12 ሴቶች የሚሰጥ አንድ ማኅበር እንውሰድ። ሥልጠናው መኖሩን የሰሙት የሊቀ መንበሩ ጎረቤቶች ብቻ ከሆኑ፣ ቦታው የሚሞላው በጎረቤቶቹ ነው። ከከተማው ማዶ ያለችው፣ ዘመድ የሌላት እናት ሳትሰማ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ «ለዘመድ ብቻ ነው የሚሠሩት» የሚል ሐሜት ይነሣል። ስለዚህ ማስታወቂያ ለእኛ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ ያለውን ነገር ለሁሉም እኩል ማሰማት ማለት ነው።

በአገራችንም የዚህን ጥቅም ያሳዩ አሉ። አቶ ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ በቀጥታ በተላለፈ ዝግጅት ርዳታ ሲሰበስብ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያለው ሕዝብ በብዛት ተረባርቧል። ሕዝቡ ያንን ያደረገው ግን ፕሮግራሙን በስልኩ ስላየ ብቻ አይደለም። ማዕከሉ ከጎዳና አንሥቶ የሚያጥባቸውንና የሚያበላቸውን ሰዎች ለዓመታት ስላየ ነው። ዩቲዩብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አመኔታውን ግን ሥራው አስቀድሞ አስገኝቶት ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንግባ። በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ማንም ሰው ያለ ምዝገባ ወረቀት ዛሬውኑ ሊጀምራቸው የሚችላቸው ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ለንግድ ሥራ የተዘጋጀው ዋትስአፕ ነው። ስሙ የንግድ ይሁን እንጂ ለማኅበርም ያገለግላል። የማኅበሩን ስም፣ አድራሻና የሥራ ሰዓት ያስቀምጣል፤ ቢሮ ዝግ ሲሆን ለሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ይልካል። በአንድ ጊዜ እስከ 256 ሰዎች መልእክት የሚላክበት ዝርዝርም አለው። መልእክቱ የሚደርሰው ግን የማኅበሩን ቁጥር በስልካቸው መዝግበው ለያዙ ሰዎች ብቻ ነው። ስለሆነም አባል ሲመዘገብ ቁጥራችሁን እዚያው በስልኩ እንዲያስቀምጥ አድርጉ።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ብዙዎቻችን ከአገር ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። የቴሌግራም ቻናል የተከታዮች ቁጥር ወሰን የለውም፤ የቆየ ማስታወቂያም አይጠፋም፤ ዛሬ የገባ አባል የባለፈውን ወር ማስታወቂያ ማንበብ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግሩፕና ቻናል አንድ አይደሉም። በዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሰው የሌሎቹን አባላት ሁሉ ስልክ ቁጥር ማየት ይችላል። ከመካከላችን ቁጥሩ በማያውቀው ሰው እጅ ቢገባ አደጋ የሚደርስበት አለ፤ ከባሏ ድብደባ ሸሽታ የመጣች ሴትም ልትኖር ትችላለች። በቻናል ግን ተከታዮች እርስ በርሳቸው ቁጥር አይተያዩም። በመሆኑም ለጠቅላላ ማስታወቂያ ቻናል ተጠቀሙ፤ ግሩፕን ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ተዉት። ይህ ለውጥ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰውን ግን ከጉዳት ያድናል።

ሦስተኛው ካንቫ የሚባለው የሥዕልና የማስታወቂያ ማዘጋጃ ነው። በስልክ ይሠራል፤ ነፃው ክፍል ለተራ ማስታወቂያ ይበቃል። ጽሑፉን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አውጡ። ሶማሊኛውን አትዝለሉት። የዚህ ከተማ ሰው ስደት ምን እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ በጅጅጋ አቅራቢያ የነበረው የሐርቲሼክ ካምፕ በዓለም ላይ ከነበሩት ታላላቅ ካምፖች አንዱ ሆኖ እስከ 2004 ቆይቷል። በራሱ ቋንቋ ሁለት መስመር ስንጽፍለት ጎረቤታችን ምን እንደምንሠራ ያውቃል፤ ጥርጣሬም ይቀንሳል።

ሁለተኛዎቹ በሕግ ለተመዘገቡ ማኅበራት ብቻ የሚከፈቱ ናቸው። ካንቫ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚከፈልበትን ክፍል እስከ 50 ለሚደርሱ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በነፃ ይሰጣል። ለብዙ ሰው ደብዳቤ በኢሜይል የሚያሰራጨው ሜይልቺምፕ ከመቶ 15 ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የተመሠረተው ቴክሱፕ ደግሞ የተለያዩ ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያዳርስ ነው።

ሁላችሁም ስለ ጉግል ርዳታ ሳትሰሙ አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ይህ ርዳታ ለአንድ ድርጅት በወር እስከ 10,000 ዶላር የሚያወጣ ማስታወቂያ ይሰጣል። ይህን ሲሰማ ዓይኑ የማይበራ የለም። ሆኖም ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ሳንቲም እንኳ በእጅ አይገባም። ሰው ጉግል ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ ከመልሶቹ ጋር የሚወጣ የጽሑፍ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ድርጅቱ የራሱ ድረ ገጽ ሊኖረው ይገባል። ማስታወቂያውን ካዩት 100 ሰዎች ቢያንስ 5ቱ ካልተጫኑት ርዳታው ሊታገድ ይችላል። የሚሰጠውም ጉግል በመረጣቸው አገሮች ለተመዘገቡ ድርጅቶች ነው። የድረ ገጽ ባለሙያ የሌለው ትንሽ ማኅበር ከዚህ ቢጀምር ድካም እንጂ ትርፍ አያገኝም።

ሌላው እንቅፋት የአገር ስም ነው። ሶማሌላንድ ነፃነቷን ያወጀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ቢሆንም በኩባንያዎቹ ቅጽ ላይ ስሟ ለብቻው ተጽፎ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል? በውሸት አድራሻ መሙላት መፍትሔ አይሆንም፤ ሲታወቅ ሒሳቡ ይዘጋል፤ የማኅበሩም ስም ይጎድፋል። የሚያዋጣው በውጭ አገር በሕግ ከተመዘገበ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ ሥራን በጋራ መሥራት ነው። ያ ማኅበር በራሱ መብት የሚያገኘውን መሣሪያ ለጋራው ሥራ ይጠቀምበታል፤ እናንተ ደግሞ እዚህ ያለውን ሥራና ሪፖርት ታቀርባላችሁ። ስም መዋዋስ ግን አይገባም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ከዛሬ ጀምሮ መተዳደሪያ ደንባችሁን፣ ቃለ ጉባኤያችሁን፣ የአባላት ዝርዝራችሁንና የሒሳብ መዝገባችሁን በአንድ ፋይል አሰናዱ። እነዚህ ወረቀቶች የሌሉት ማኅበር የምዝገባ ዕድል ሲመጣ ባዶ እጁን ይቆማል።

ሦስተኛዎቹ ገንዘብ የሚሰበሰብባቸው ናቸው። ጎፈንድሚ የተባለው ከኢትዮጵያም ከሶማሊያም ሆኖ ሊከፈት አይችልም፤ ከፋቹ አገልግሎቱ በሚሰጥበት አገር የሚኖር ሰው መሆን አለበት። በአሜሪካ ከተከፈተ ከእያንዳንዱ ስጦታ ከመቶ 2.9ና በተጨማሪ 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ማለትም ከ100 ዶላር የሚተርፈው 96 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። ወደዚህ ሲላክም የሐዋላ ክፍያ ይኖራል። ስለሆነም ሰው «ገንዘቤ የት ጎደለ?» ከማለቱ በፊት የሚቆረጠውን አስቀድማችሁ ጻፉ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ቴሌሶም የጀመረው ዛድ አለ። መዋጮ በዛድ ሲሰበሰብ አንድ ቁጥር ብቻ አስታውቁ። ቁጥሩ በማን ስም እንደሆነ አባላት ሁሉ ይወቁ። በየወሩ መጨረሻ ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ለምን ዋለ የሚለውን በቻናላችሁ ላይ አውጡ። ከየትኛውም ያማረ ሥዕል ይልቅ ይህች አራት መስመር ሒሳብ ማኅበራችሁን ታስተዋውቃለች።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ጥንቃቄው ልምጣ። «ግርግር ለሌባ ይመቻል» እንደሚባለው፣ እኛ በነፃ የምናገኘውን መሣሪያ አታላዩም በነፃ ያገኘዋል። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንን ዓርማ ለጥፎ «በዚህን ያህል ዶላር ወደ ሦስተኛ አገር እናሻግራለን» የሚል ማስታወቂያ ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የኮሚሽኑ አገልግሎት ሁሉ፣ ምዝገባውም ሆነ የሦስተኛ አገር ሠፈራው፣ ያለ ክፍያ ነው። ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ አታላይ ነው። ይህንን ቃል በየማኅበራችሁ ቻናል ከላይ ሰክታችሁ አስቀምጡት።

ፎቶግራፍንም በሚመለከት፣ ሰውየው ወዴት እንደሚወጣ ተነግሮት ካልፈቀደ በስተቀር ፊቱን አታውጡ። ለርዳታ ተሰልፎ የቆመ ሰው «እምቢ» ለማለት ይፈራል፤ ስለዚህ ፈቃዱን ርዳታው ከተሰጠው በኋላ ጠይቁት። የልጆችን ፊት፣ የሰውን ሙሉ ስም፣ የሚኖርበትን ሰፈር አትጻፉ። የስፌት ሥልጠናን ለማሳየት በመርፌው ላይ ያሉት እጆች ይበቃሉ።

በመጨረሻ የማነሣው ብዙ ማኅበራትን ሊያፈርስ የሚችል ጉዳይ ነው። ቻናሉም፣ የይለፍ ቃሉም፣ ሲም ካርዱም በአንድ ትጉህ ወጣት ስልክ ላይ ይሆናል። ያ ወጣት ዕድል ገጥሞት ሦስተኛ አገር ሲገባ ደስ ብሎን እንሸኘዋለን፤ የማኅበሩም ቻናል አብሮት ይሄዳል። ዳግመኛ ከዜሮ መጀመር ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቻናል ቢያንስ ሦስት ኃላፊዎች ይሾሙ፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው። ሲም ካርዱ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይመዝገብ። በቴሌግራም የቻናልን ባለቤትነት ለሌላ ኃላፊ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ደረጃው የይለፍ ቃል ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት ተከፍቶ መቆየት ስላለበት በጉዞው ዋዜማ የሚሠራ አይደለም። ርክክቡም እንደ ማንኛውም ንብረት በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ይተርጉም፣ አንዱ ሒሳቡን ይያዝ፣ አንዱ ለሚጠይቁ ይመልስ።

እንግዲህ ከዚህ ስትመለሱ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድትፈጽሙ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የአባላት ቁጥር የሚታይበትን ትልቅ ግሩፕ ወደ ቻናል ለውጡ። ሁለተኛ፣ ሦስት ኃላፊዎችን በስብሰባ ምረጡ። ሦስተኛ፣ ያለፈውን ወር ሒሳብ፣ አሥር ዶላርም ቢሆን፣ ለሁሉም አውጡ። ለእነዚህ ሦስቱ የማንም ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም። ይህን ንግግር በካምፕ ሆናችሁ የምታነቡትም ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።