በገዛ እጃችን የገጠምነው ኮምፒዩተርና ያስተማረን ትምህርት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የኤሌክትሮኒክስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



 የምንናገረው ስለ ድካማችን ፍሬ ብቻ ሳይሆን ስለ ጥፋታችንም ነው፡፡

ወላጆቻችን ባዋጡልን ገንዘብ ዕቃውን ከልዩ ልዩ ሱቅ ገዝተን፤ በአንድ ጓደኛችን ቤት አንድ ኮምፒዩተር ገጠምን፡፡ የዚህም መጽሔት ጽሑፍ በእርሱ እንዲዘጋጅ ተወሰነ፡፡ ዳሩ ግን ሳምንት ሳይሞላው በድንገት ይደርቅ፤ ሰማያዊ ገጽ ያሳይ፤ ወይም ራሱን አጥፍቶ ይነሣ ጀመር፡፡ አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ደኅና ይሰነብታል፡፡ ከተማሪዎች ከተቀበልነው ጽሑፍ አሥራ አንድ ገጽ ጠፋብን፡፡

በመጀመሪያ የጠረጠርነው የመብራቱን መቋረጥ ነበር፡፡ ስለዚህ ዩፒኤስ ተውሰን አያያዝነው፤ ሕመሙ ግን አልተወውም፡፡ ከዚያም በኋላ፤ ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ጥፋቱን ከሁላችን ታናሽ በሆነው ጓደኛችን ላይ ጣልን፡፡ በፕሮሰሰሩ ላይ ማቀዝቀዣውን ያሰረው እርሱ ነበርና፤ «አንተ በደንብ ስላላሰርኸው ግሎ ነው የሚጠፋው» አልነው፡፡ እርሱም አንድ ቃል ሳይመልስ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለሁለት ሳምንትም ወደ ክበባችን አልመጣም፡፡

የፊዚክስ መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ «ለክታችኋል ወይስ ገምታችኋል?» ብለው ጠየቁን፡፡ የምንመልሰው አጣን፡፡ እርሳቸውም ሁለት ነገር አዘዙን፤ አንደኛ፤ በጠፋ ቍጥር ቀኑን፤ ሰዓቱንና የታየውን ምልክት በደብተር እንድንጽፍ፤ ሁለተኛ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ እንዳንለውጥ፡፡ ሦስት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው፤ መሣሪያው ቢድንለት እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም፡፡

ሙቀቱን ለካን፡፡ ፕሮሰሰሩ እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ሲሆን፤ በከባድ ሥራ ላይ እንኳ ከ72 አላለፈም፡፡ ዊንዶውስ የሚይዘውን መዝገብ አየን፤ ያገኘነው ቍጥር 41 ነበር፡፡ ይህ ቍጥር መሣሪያው በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ «ሰው ወድቆ አገኘሁ» እንደሚል ዘበኛ ነው፤ ማን እንደ ጣለው አላየም፡፡ ነገር ግን ደብተራችንን ስናነብ፤ ሰማያዊው ገጽ የሚያወጣው የስሕተት ስም በየጊዜው የተለያየ መሆኑን አስተዋልን፡፡ መምህራችንም «እንዲህ ሲሆን ራሙን መርምሩ» አሉን፡፡

ሜምቴስት86 የተባለውን መመርመሪያ ከፍላሽ አስነሥተን ሌሊቱን ሙሉ አሠራነው፡፡ ጧት ስሕተት ተገኘ፡፡ አራቱን የዲዲአር4 ራሞች ሁለት ሁለት አድርገን ስንመረምር ግን ሁለቱም ጥንድ ደኅና ሆነ፡፡ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነበር? የእኛው ነበር፡፡ ከሁለት ሱቅ የተገዙ፤ አብረው ያልተፈተኑ ሁለት ጥንዶችን ባንድነት ሰክተን፤ ፍጥነታቸውን በባዮሱ ውስጥ ወደ 3200 ከፍ ያደረግን እኛ ነን፡፡ በካርቶኑ ላይ 3200 ተብሎ የተጻፈው ለየጥንዱ ነው እንጂ ለአራቱ ኅብረት አይደለም፤ አራት ሲሆኑ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የራም ተቈጣጣሪ ሸክሙ ይከብደዋል፡፡ ወደ 2666 ካወረድነው በኋላ ሁለት ሌሊት ተፈትኖ አንድም ስሕተት አልታየበትም፤ ከዚያም ወዲህ በድንገት ጠፍቶ አያውቅም፡፡

በማግሥቱ ሁላችንም ወደ ታናሹ ጓደኛችን ቤት ሄደን፤ በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፡፡ እርሱም ይቅር አለን፤ ይኸው ዛሬ ከእኛ ጋር በፊታችሁ ቆሟል፡፡ ጽሑፋቸው ጠፍቶባቸው እንደ ገና ጽፈው የሰጡንንም ተማሪዎች እናመሰግናለን፡፡

አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፤ ሳያጣሩ ወሬ» ያሉት በከንቱ አይደለም፡፡ ኮምፒዩተሩ በራም ዳነ፤ እኛ ግን በደብተር ዳንን፡፡

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!